ከባለቤት በፊት የሚመጣው ሐረግ፤ በእንግሊዝኛ ሰዋስው አስተማማር ላይ የቀረበ ሒስ

1. መግቢያ

ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ጉዳይ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የቃላት ማነስ፣ የአነጋገር ጉድለትና የመጻሕፍት እጥረት ነው። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ይሁን እንጂ ቃላቱን ዐውቆ፣ መጽሐፉንም በእጁ ይዞ፣ ያነበበውን ዐረፍተ ነገር በተሳሳተ መንገድ ተረድቶ የሚነሣ ተማሪ ጥቂት አይደለም። የዚህ ዓይነቱ ስሕተት ምንጭ በቃላቱ ፍች ላይ ሳይሆን በቃላቱ አቀማመጥ ላይ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ጽሑፍ ከአቀማመጥ ጉዳዮች መካከል አንዱን ብቻ መርጦ ይመረምራል፤ ይኸውም በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ መስተዋድዳዊ ሐረግ ከባለቤቱ ቀድሞ ሲመጣ የሚፈጽመውን ተግባርና ይህንኑ በክፍል ውስጥ የምናስተምርበትን መንገድ ነው።

መስተዋድዳዊ ሐረግ ሲባል «ኢን»፣ «ኦን»፣ «አት»፣ «ፍሮም»፣ «ዊዝ» ከመሳሰሉት መስተዋድዶች አንዱ ከስም ወይም ከስማዊ ሐረግ ጋር ተጣምሮ የሚፈጥረው ሐረግ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ምሳሌዎች አንባቢ ድምፃቸውን እየሰማ እንዲከተላቸው በፊደላችን ተጽፈዋል፤ ትርጉማቸውም በየስፍራው ተሰጥቷል።

ጉዳዩ ለእንግሊዝኛ መምህራን ብቻ የሚተው አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ስለ ደነገገ፣ የፊዚክሱም፣ የሒሳቡም፣ የጂኦግራፊውም ትምህርት ለተማሪው የሚደርሰው በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር አማካይነት ነው። ዐረፍተ ነገሩ በትክክል ካልተነበበ ትምህርቱ በትክክል አልደረሰም። ስለዚህ የሰዋስው አስተማማር ጉድለት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ተጀምሮ በዚያው የሚያልቅ ጉድለት እንዳልሆነ ከወዲሁ መገንዘብ ያስፈልጋል።

2. ሁለቱ የተለመዱ አሠራሮች

በክፍል ውስጥ የተለመዱት አሠራሮች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው «የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር በባለቤት ይጀምራል፤ ቀጥሎ ግሥ ይመጣል፤ ከዚያም ተሳቢ ይከተላል» የሚለው ሕግ ነው። ሕጉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሦስት ሣጥን ተሥሎ ይቀርባል። መስተዋድድ ደግሞ ለብቻው፣ በሌላ ሳምንት፣ ባዶ ቦታ በመሙላት መልመጃ ይሰጣል። ተማሪው «ኢን» ነው ወይስ «ኦን» ነው የሚለውን ለመምረጥ ይለማመዳል እንጂ የተሞላው ሐረግ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ፣ በዚያ መቀመጡም ምን እንደሚያስከትል አይጠየቅም።

ሁለተኛው አሠራር ከፍ ባለው ክፍል የሚመጣ ነው። «የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ትርጉማቸውን ሳትለውጡ በመስተዋድዳዊው ሐረግ ጀምራችሁ እንደገና ጻፉ» የሚል መልመጃ ይሰጣል። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ጽሑፍ እንዳይሰለች የዐረፍተ ነገር አጀማመር መለዋወጥ አለበት» ይባላል፤ ወይም «ሐረጉ ወደ ፊት የሚመጣው ለማጉላት ነው» የሚል መልስ ይሰጣል።

ሁለቱ አሠራሮች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። በታችኛው ክፍል የተከለከለው ነገር በላይኛው ክፍል ያለ በቂ ምክንያት ይታዘዛል። ተማሪው ከሁለቱ የሚማረው፣ የቃላት አቀማመጥ የመምህሩ ፈቃድ እንጂ የትርጉም ጉዳይ አለመሆኑን ነው። የዚህ ሒስ ዋና ነጥብም ይኸው ነው፤ ከባለቤት በፊት ያለው ስፍራ የራሱ ሥራ ያለው ስፍራ ነው፤ ክልከላም ጌጥም አድርጎ ማስተማር ሥራውን ይሸፍነዋል።

ፍራንሲስ ክሪስተንሰን የተባለው አሜሪካዊ የጽሕፈት መምህር እ.ኤ.አ. በ1963 የታወቁ ጸሐፊዎችን ዐረፍተ ነገሮች ቈጥሮ፣ ከአራቱ አንዱ ያህል ከባለቤቱ በፊት ሌላ ነገር እንደሚያስቀድም፣ የሚቀድመውም በአብዛኛው የጊዜ፣ የቦታ ወይም የሁኔታ ገላጭ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ቁጥር ሁለቱንም አሠራሮች ይወቅሳል። ከአራት አንዱ እንዲህ ከሆነ «ዐረፍተ ነገር በባለቤት ይጀምራል» የሚለው ሕግ በየገጹ የሚሻር ሕግ ነው። በሌላ በኩል ሦስት አራተኛው በባለቤት የሚጀምር ከሆነ፣ ጥሩ ጸሐፊዎች አጀማመራቸውን ለመለዋወጥ ሲሉ ብቻ አይለዋውጡም ማለት ነው። ሐረጉን ወደ ፊት የሚያመጡት ሲያስፈልግ ነው።

3. ሐረጉ ቀድሞ ሲመጣ ምን ይሠራል?

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች እንመልከት።

ሀ) «ዘ ብሉ ናይል ፍሎውስ ፍሮም ሌክ ታና»፤ ዓባይ ከጣና ሐይቅ ይፈሳል።
ለ) «ፍሮም ሌክ ታና ፍሎውስ ዘ ብሉ ናይል»፤ ከጣና ሐይቅ ዓባይ ይፈሳል።

የሚነግሩን እውነት አንድ ነው። ሁለቱ ግን አንድን ጥያቄ አይመልሱም። የመጀመሪያው ስለ ዓባይ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጥ ነው፤ ዓባይ የታወቀው መነሻ ሲሆን ጣና አዲሱ ነገር ነው። ሁለተኛው ስለ ጣና በሚናገር አንቀጽ ውስጥ የሚገባ ነው፤ ጣና አስቀድሞ ተነሥቷል፤ አዲስ ሆኖ የሚመጣው ዓባይ ነው። ስለ ጣና ስፋት፣ ስለ ደሴቶቹና ስለ ገዳማቱ ሲያወራ የቈየ ጸሐፊ ወደ ወንዙ ለመሸጋገር ቢፈልግ የሚስማማው ሁለተኛው ነው። በዚያ ስፍራ የመጀመሪያው ቢገባ ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን አንባቢው በድንገት ከሐይቁ ተነሥቶ በወንዙ ላይ ይጣላል።

ማይክል ሃሊደይ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው የሰዋስው መግቢያ፣ በእንግሊዝኛ የዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ስፍራ የመልእክቱ መነሻ የሚቀመጥበት መሆኑን፣ በመግለጫ ዐረፍተ ነገር የተለመደው መነሻ ባለቤቱ ሲሆን ሌላ ነገር በስፍራው ሲገባ ግን አንባቢው ልዩ ትኩረት እንዲሰጠው የሚያደርግ ምርጫ መሆኑን ያብራራል። መነሻ ማለት ተናጋሪው የሚቆምበት መሬት ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ አዲሱ ነገር ይሄዳል።

እንግዲህ «ሐረጉ ወደ ፊት የሚመጣው ለማጉላት ነው» የሚለው መልስ በአብዛኛው የተገላቢጦሽ መሆኑ ግልጽ ነው። ከላይ በ«ለ» እንዳየነው የጎላው መጨረሻ ላይ የመጣው ዓባይ እንጂ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው ጣና አይደለም። በተራው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከፊት የሚቀመጠው የጊዜና የቦታ ሐረግ ለሚከተለው ነገር መደብ ያነጥፋል። በታሪክ መጽሐፍ «ኢን 1896» ብሎ የሚጀምር ዐረፍተ ነገር አንባቢውን በዓድዋ ዘመን ካቆመ በኋላ ስለ ጦርነቱ ይነግረዋል፤ ዓመቱን ለማጉላት የተጻፈ አይደለም። በተከታታይ አንቀጾች መጀመሪያ ላይ የጊዜ ሐረግ ከተደረደረ ታሪኩ በዘመን ቅደም ተከተል እየተነገረ መሆኑን፣ የቦታ ሐረግ ከተደረደረ ደግሞ በአገር በአገሩ እየተነገረ መሆኑን ተማሪው ሊያውቅ ይገባል። ይህን ማየት የቻለ ተማሪ የምዕራፉን አወቃቀር አየ ማለት ነው።

4. ባለቤቱና ግሡ የሚሆኑት

የእንግሊዝኛ ችግር፣ ሐረጉ ወደ ፊት ሲመጣ የተቀረው የዐረፍተ ነገር ክፍል አንዳንዴ በስፍራው ሲጸና አንዳንዴ መናወጡ ነው። ሦስት ሁኔታዎችን መለየት ይበቃል።

አንደኛው፣ ምንም የማይናወጥበት ነው። «ኢን ዘ ሞርኒንግ ዘ ፋርመር ፕላውስ ሂስ ፊልድ» (ጠዋት ገበሬው እርሻውን ያርሳል) ሲባል ባለቤትና ግሥ እንደ ነበሩ ናቸው። ብዙዎቹ የዚህ ወገን ናቸው።

ሁለተኛው፣ የቦታ ወይም የአቅጣጫ ሐረግ ከፊት ሆኖ ግሡ ራሱ ከባለቤቱ የሚቀድምበት ነው። «ኦን ዘ ሂል ስታንድስ ኤ ቸርች» (በኮረብታው ላይ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል) እንደሚባለው ነው። በዚህ ጊዜ አራት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። ግሡ የመኖር፣ የመቆም፣ የመተኛት፣ የመፍሰስ ወይም የመምጣት ዓይነት ትርጉም ያለውና ተሳቢ የማይወስድ ይሆናል፤ ስለዚህ ገበሬውና እርሻው በዚህ መንገድ ሊገለበጡ አይችሉም። እንደ ጥያቄ ዐረፍተ ነገር «ደዝ» የሚለው ረዳት ግሥ አይገባም። ባለቤቱ ከግሡ በኋላ ቢመጣም ግሡ የሚስማማው ከእርሱ ጋር ነው፤ ቤተ ክርስቲያኖቹ ሁለት ከሆኑ «ኦን ዘ ሂል ስታንድ ቱ ቸርችስ» ይባላል፤ ኮረብታው አንድ መሆኑ ግሡን አይመለከተውም። በመጨረሻም ባለቤቱ ተውላጠ ስም ከሆነ መገልበጡ ይቀራል፤ «ኦን ዘ ሂል ኢት ስታንድስ» ይባላል እንጂ «ስታንድስ ኢት» አይባልም። ምክንያቱም ተውላጠ ስም አስቀድሞ የታወቀ ነገርን ስለሚተካ፣ ለአዲስ ነገር በተጠበቀው በመጨረሻው ስፍራ ሊቀመጥ አይገባውም።

ሦስተኛው፣ ከፊት የመጣው ሐረግ አሉታ ሲሆንና አሉታው በመላው ዐረፍተ ነገር ላይ ሲሠራ ነው። «አት ኖ ታይም ዲድ ሂ ላይ» (በምንም ጊዜ አልዋሸም) እንደሚባለው ረዳት ግሡ ከባለቤቱ ይቀድማል። «ኦንሊ» የሚለው ቃልም ከሐረጉ ጋር ሲገባ ይህንኑ ያስከትላል፤ «ኦንሊ ኢን ዘ ሲምየን ማውንቴንስ ደዝ ዘ ዋልያ አይቤክስ ሊቭ» (ዋልያ የሚኖረው በሰሜን ተራሮች ብቻ ነው) ይባላል። ይሁን እንጂ «ኖ» ያለበት ሐረግ ሁሉ እንዲህ አይደለም። «ኢን ኖ ታይም ሂ ፊኒሽድ ዘ ወርክ» ማለት «ወዲያው ሥራውን ጨረሰ» ማለት ነው፤ ሥራው ስለ ተጨረሰ ዐረፍተ ነገሩ አዎንታ ነው፤ ግሡም አልተገለበጠም።

የልዩነቱን ክብደት የሚያሳይ አንድ ጥንድ ምሳሌ ለመምህራን ቅርብ በሆነ ጉዳይ ላይ ማቅረብ ይቻላል። «ዊዝ ኖ ቲቸር፣ ዘ ክላስ ዉድ ቢ ኳየት» ማለት «መምህር ባይኖር ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር» ማለት ነው። «ዊዝ ኖ ቲቸር ዉድ ዘ ክላስ ቢ ኳየት» ማለት ግን «ማንም መምህር ቢገባ ክፍሉ ጸጥ አይልም» ማለት ነው። ቃላቱ አንድ ናቸው፤ የተለወጠው የአንዲት ረዳት ግሥ ስፍራ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ጥፋተኛው መምህሩ ነው፤ በሁለተኛው ጥፋተኛው ክፍሉ ነው። «ትርጉሙን ሳትለውጡ እንደገና ጻፉ» የሚለው ትእዛዝ ምን ያህል በግዴለሽነት የሚሰጥ እንደሆነ ይህ ብቻ ያስረዳል።

ስለ ነጠላ ሰረዝም ጥቂት ማለት ይገባል። ሐረጉ አጭር ከሆነ ነጠላ ሰረዝ ላይደረግ ይችላል፤ ሲረዝም ወይም ሲያሳስት ግን ይደረጋል። «አፍተር ዘ ሬይን ዎተር ፊልድ ዘ ሮድ» የሚለውን ያለ ነጠላ ሰረዝ ያነበበ ሰው «የዝናብ ውሃ» የሚል ጥምር ስም አግኝቶ ባለቤቱን ያጣል። «ሬይን» ከሚለው በኋላ ምልክቱ ሲገባ «ከዝናቡ በኋላ ውሃ መንገዱን ሞላው» የሚለው ትርጉም ወዲያው ይወጣል።

5. የተማሪው ቋንቋና የስሕተቱ ምንጭ

ሮበርት ላዶ እ.ኤ.አ. በ1957 የተማሪውን ቋንቋ ከሚማረው ቋንቋ ጋር ማነጻጸር ችግሩን ለመተንበይ እንደሚረዳ አስተምሯል። ፒት ኮርደር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 የተማሪ ስሕተት የሚጠፋ ቆሻሻ ሳይሆን ተማሪው የደረሰበትን ደረጃ የሚያሳይ ማስረጃ መሆኑን አስገንዝቧል። ሁለቱን አስተያየቶች አጣምረን ጉዳያችንን ብናየው ብዙ ነገር ይገለጣል።

በአማርኛ «ዓባይ ከጣና ሐይቅ ይፈሳል» ማለትም «ከጣና ሐይቅ ዓባይ ይፈሳል» ማለትም ይቻላል። ሐረጉ ከባለቤቱ በፊትም በኋላም ቢገባ ማሰሪያ አንቀጹ ከመጨረሻው ስፍራ አይነቃነቅም። ግሡ የባለቤቱን መደብ፣ ጾታና ቁጥር በራሱ ላይ ስለሚሸከም ባለቤቱ በስፍራው አይታወቅም፤ በግሡ ይታወቃል። ትግርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛም ማሰሪያ አንቀጻቸውን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጡ ቋንቋዎች ናቸው። ስለዚህ በእነዚህ ቋንቋዎች አፉን የፈታ ተማሪ ሐረግን ከባለቤት በፊት ማስቀመጥ አዲስ አይሆንበትም፤ አዲስ የሚሆንበት ግሡ መናወጡ ነው። እኛ ግን የማያስቸግረውን ከልክለን የሚያስቸግረውን ሳናስተምር እናልፋለን።

የታወቀውን አንድ ስሕተት እንውሰድ። ተማሪው «ኢን አወር ስኩል ሃዝ ኤ ላይብረሪ» ብሎ ይጽፋል። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ሠርዞ «ዐረፍተ ነገር በባለቤት ይጀምራል» ብሎ ይጽፍበታል። እርማቱ ሕመሙን አላገኘውም። አማርኛ «በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አለ» እና «ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አለው» የሚሉ ሁለት አነጋገሮች አሉት። የመጀመሪያው በእንግሊዝኛ «ኢን አወር ስኩል ዜር ኢዝ ኤ ላይብረሪ» ሲሆን ሁለተኛው «አወር ስኩል ሃዝ ኤ ላይብረሪ» ነው። ተማሪው የአንዱን ራስ ከሌላው አካል ጋር አጋጥሟል። «አለ» እና «አለው» በእንግሊዝኛ የተለያዩ ግሦች መሆናቸው ቢነገረው ስሕተቱን ራሱ ያርም ነበር። «በባለቤት ጀምር» መባሉ ግን ትክክል የነበረውን ሐረግ እንዲተው ያደርገዋል።

በአሉታውም እንዲሁ ነው። አማርኛ «በምንም ጊዜ አልዋሸም» ሲል አሉታው በግሡም ላይ እንዲታይ ግድ ይላል። መደበኛው እንግሊዝኛ ግን አሉታ በሐረጉ ከተነገረ በግሡ አይደግመውም። ስለዚህ ተማሪው «አት ኖ ታይም ሂ ዲደንት ላይ» ብሎ ሲጽፍ አልቦዘነም፤ የገዛ ቋንቋውን ሕግ በታማኝነት ጠብቋል።

ማጉላትን በተመለከተም ልዩነት አለ። አማርኛ ሐረግን ለማጉላት ሲፈልግ «ዓባይ የሚፈሰው ከጣና ሐይቅ ነው» ብሎ ሐረጉን ወደ መጨረሻው፣ ከ«ነው» አጠገብ ያደርሰዋል። ይህ ልማድ ያለውን ተማሪ «እንግሊዝኛ ለማጉላት ወደ ፊት ያመጣል» ብለን ስናስተምረው ተራውን የጊዜና የቦታ መነሻ ሁሉ የጎላ ነገር አድርጎ እንዲያነብ እናደርገዋለን።

የአማርኛ ትምህርት እዚህ ላይ ሊረዳን ይችል ነበር። ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ መስተዋድዳዊ ሐረግ ከሐረግ ዓይነቶች እንደ አንዱ ተቈጥሮ ተተንትኗል። «በጠረጴዛው ላይ» ስንል አማርኛ ከስሙ በፊት «በ»ን፣ ከስሙ በኋላ «ላይ»ን እንደሚያደርግ የተማረ ልጅ፣ ጠረጴዛው የመስተዋድዱ እንጂ የግሡ ባለቤት አለመሆኑን በገዛ ቋንቋው አስቀድሞ ሊረዳ ይችላል። የአማርኛና የእንግሊዝኛ መምህራን ግን በአንድ የመምህራን ክፍል እየተቀመጡ ስለ አንድ ሐረግ ሁለት የተለያዩ ስያሜዎች ያስተምራሉ።

6. የሌሎች ትምህርቶች ዕዳ

እስካሁን የተነገረው የቋንቋ ክፍል ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ወደ ሳይንስ መጻሕፍት ስንሻገር ግን ነገሩ ይከብዳል። የሳይንስ ሕግ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሕጉ የሚጸናበት ሁኔታ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከባለቤቱ በፊት ባለው መስተዋድዳዊ ሐረግ ውስጥ ነው።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተገኘው የቦይል ሕግ «አት ኮንስታንት ቴምፕሬቸር» ብሎ ይጀምራል፤ መጠነ ሙቀቱ ሳይለወጥ፣ የአንድ የተወሰነ ጋዝ ይዘት ከግፊቱ ጋር በተገላቢጦሽ ይመጣጠናል ማለት ነው። ባለቤቱንና ግሡን ብቻ ፈልጎ የሚያነብ ተማሪ የሚይዘው «ግፊቱ ሲጨምር ይዘቱ ይቀንሳል» የሚለውን ነው። በተዘጋ ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ያለ ጋዝ ሲሞቅ ግፊቱ እየጨመረ ይዘቱ እንደማይቀንስ ሲነገረው ሕጉ የፈረሰ ይመስለዋል። ሕጉ አልፈረሰም፤ የተጣለው ቅድመ ሁኔታው ነው።

በጂኦሜትሪም «ኢን ኤ ራይት አንግልድ ትራያንግል» የሚለው ሐረግ ቢዘለል፣ የረጅሙ ጎን ካሬ ከሁለቱ አጫጭር ጎኖች ካሬዎች ድምር ጋር እኩል መሆኑ ለሁሉም ጎነ ሦስት የሚሠራ ይመስላል። ይህ ሐሰት ነው። ሕጉ እውነት የሚሆነው ቀጤ ማዕዘን ላለው ጎነ ሦስት ብቻ ነው። የኒውተን የመጀመሪያው ሕግም «ኢን ዚ አብሰንስ ኦፍ» ብሎ ሲጀምር፣ የሚያንቀሳቅስ ወይም የሚያግድ የተጣራ ኀይል ከሌለ ማለቱ ነው፤ ያለዚህ ሐረግ «የቆመ ነገር እንደ ቆመ ይኖራል» የሚል፣ ማንም ሕፃን ኳስ በመምታት የሚያፈርሰው ወሬ ይቀራል።

የፊዚክስ መምህር «ተማሪው ሕጉን በቃሉ ያውቃል፤ ጥያቄ ላይ ግን አይሠራበትም» ብሎ ሲያዝን እንሰማለን። ሁልጊዜ ባይሆንም፣ ከዚህ ኀዘን ውስጥ አንዱ ክፍል የሚመነጨው «ዋናው ነገር ባለቤቱና ግሡ ነው፤ ቀሪው ተጨማሪ ነው» ከሚለው የሰዋስው ትምህርት መሆኑን መካድ አይቻልም። መስተዋድዳዊው ሐረግ በሰዋስው ረገድ ቢወጣ ዐረፍተ ነገሩ ላይፈርስ ይችላል፤ በእውቀት ረገድ ግን ይፈርሳል።

7. ሊነሣ ስለሚችለው ተቃውሞ

አንዳንድ መምህራን «ጀማሪ ተማሪ አንድ ቀላል ሕግ ያስፈልገዋል፤ በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ታጭቆ ባለበት ሁኔታ ይህን ሁሉ ልዩነት ማስተማር አይቻልም» ሊሉ ይችላሉ። ተቃውሞው ክብደት አለው። ጀማሪ ተማሪ በባለቤት የሚጀምር ዐረፍተ ነገር አስቀድሞ ቢለማመድ ተገቢ ነው፤ ብዙውን የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ይሸፍንለታልና።

ነገር ግን ሕግን ማቅለልና ሕግን ማሳሳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «አብዛኛው የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር በባለቤት ይጀምራል» ማለት ማቅለል ነው፤ እውነትም ነው። «በባለቤት ይጀምራል» ብሎ መደምደም ግን ቆይቶ መፍረስ ያለበት ትምህርት መገንባት ነው። የጊዜውም ነገር ቢሆን፣ ተማሪው በየዓመቱ የሚደጋግመው የባዶ ቦታ መሙላት መልመጃ የሚወስደው ሰዓት ትንሽ አይደለም። የሚጠየቀው ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ሳይሆን ያለውን ክፍለ ጊዜ በተሻለ ነገር መጠቀም ነው።

8. የመፍትሔ ሐሳቦች

ሀ) ባለቤትን የማግኛው መንገድ ይለወጥ። ተማሪው «መጀመሪያ ያለው ስም ባለቤት ነው» ከሚል ይልቅ፣ አስቀድሞ ግሡን እንዲያገኝ፣ ከመስተዋድድ ቀጥሎ የሚመጣውን ስም እንዲለይ፣ ከዚያም ግሡ ከማን ጋር እንደሚስማማ እንዲጠይቅ ይለማመድ።

ለ) «ትርጉሙን ሳትለውጡ እንደገና ጻፉ» የሚለው መልመጃ በምርጫ መልመጃ ይተካ። አንድ ቀዳሚ ዐረፍተ ነገር ተሰጥቶ፣ ከሚከተሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች የትኛው እንደሚስማማና ለምን እንደሚስማማ ተማሪው ያስረዳ። የጣናውና የዓባዩ ምሳሌ ለዚህ ይበቃል፤ ሰሌዳና ጠመኔ እንጂ ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም።

ሐ) ቅደም ተከተል ይበጅ። በመጀመሪያ የማይናወጠው የጊዜና የቦታ መነሻ፣ ቀጥሎ «ዜር ኢዝ» ከቦታ ሐረግ ጋር፣ ከዚያ በኋላ የቦታው ግልብጥ፣ በመጨረሻ የአሉታው ግልብጥ ይማሩ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ተማሪው ለመጻፍ ከመገደዱ በፊት በንባብ ሊያውቃቸው ይገባል።

መ) በእርማት ጊዜ ትክክል የሆነው ሐረግ አይሠረዝ። መምህሩ የስሕተቱን ስፍራ ለይቶ ያመልክት፤ «ሃዝ» ከተሳሳተ «ሃዝ» ይታረም እንጂ ዐረፍተ ነገሩ ከራሱ አይቈረጥ።

ሠ) የሳይንስና የሒሳብ መምህራን ሕግ ሲያስተምሩ ከባለቤቱ በፊት ያለውን ሐረግ አስምረው «ይህ ባይኖርስ?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ከ2 ደቂቃ የማይበልጥ ጊዜ ይወስዳል።

ረ) በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የእንግሊዝኛና የአፍ መፍቻ ቋንቋ የሰዋስው ኮርሶች ስለ ሐረግ በሚያስተምሩባቸው ሳምንታት ይቀናጁ፤ ዕጩ መምህራንም የእውነተኛ ተማሪዎችን ጽሑፍ ይዘው የስሕተቱን ምንጭ ለይተው እንዲያስረዱ ይደረግ።

ሰ) ዕቅድ አውጭዎችና የመጻሕፍት አዘጋጆች የመማሪያ መጽሐፍ ሲገመግሙ ሁለት ጥያቄዎችን ይጨምሩ፦ መጽሐፉ ሐረግን ከባለቤት በፊት ስለ ማስቀመጥ ምክንያት ይሰጣል ወይ? በንባቡ ክፍል የሚታየው አጻጻፍ በሰዋስው ክፍሉ ከተሰጠው ሕግ ጋር ይስማማል ወይ? የፈተና አዘጋጆችም የባለቤትንና የግሥን ስምምነት ሲፈትኑ፣ ጥያቄው ባለቤትን ማወቅን እንጂ የቃል ጥናትን የሚለካ እንዳይሆን ያስቡበት።

9. ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ የተነሣው ጉዳይ ከብዙዎቹ የሰዋስው ጉዳዮች አንዱና በመጠኑ ትንሹ ነው። ይሁን እንጂ ሐረግ ያለ ምክንያት በስፍራው እንደማይቀመጥ የተረዳ ተማሪ፣ ባነበበው ዐረፍተ ነገር ሁሉ «ይህ ለምን እዚህ ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። በእንግሊዝኛ ጂኦግራፊ፣ ፊዚክስና ሒሳብ እንዲማር የምንጠይቀው ልጅ ይህን የመጠየቅ ልማድ ከእኛ ማግኘት አለበት። ሕጉን ከነቅድመ ሁኔታው፣ ታሪኩንም ከነዘመኑና ከነቦታው አሟልቶ ሊይዝ የሚችለው በዚህ ልማድ ነውና፣ ለማሻሻሉ የሚያስፈልገው ጥረት ከሚያስገኘው ጥቅም ጋር ሲመዛዘን እጅግ አነስተኛ ነው።